ሰዓትና መነጽር ስልክን ይተካል ለምትሉ፦ መጀመሪያ ኖቲፊኬሽን አክሰሱን እዩት

ኮዬ_ኮድ | ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን «ስልክ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ሁሉም በሰዓትና በመነጽር ነው» የሚል ወሬ በዝቷል። እኔ አይተካም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስቀምጥ፤ የምታውቁ ጨምሩበት፣ የሳትኩትንም አርሙኝ።

ወሬው አዲስ አይደለም። ጉግል ግላስ እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ብቅ ሲል የተባለው ይኸው ነበር። ለተራ ሰው መሸጡ በ2015 መጀመሪያ ላይ ቆመ፤ ለድርጅቶች ሲቀርብ የቆየውም በ2023 አበቃ። በ2024 ደግሞ ሂዩሜን የተባለ ኩባንያ ደረት ላይ የሚለጠፍ ኤአይ ፒን ይዞ መጣ። ዋጋው 699 ዶላር፣ በዚያ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። ዓመት ሳይደፍን ኤችፒ የኩባንያውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ሰርቨሩ ሲዘጋ ፒኑ መደወልም ጥያቄ መመለስም አቆመ።

አሁን እኛ ስልክ የምንፈልግበትን ሥራ አስቡት። ኮዬ ፈጬ ላይ ሱቅ ገብቶ በ*127# መክፈል፣ በ*804# ሒሳብ ማየት፣ ለእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ በአማርኛ መጻፍ፣ የቤት ካርታ ፎቶ አንስቶ መላክ። በብሉቱዝ የተያያዘ ሰዓት የስልኩን ጥሪ ያስተላልፋል እንጂ በኮከብና በመሰላል የሚከፈተውን የዩኤስኤስዲ ሜኑ እጅ ላይ አያመጣም። አማርኛው ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ርካሽ ሰዓቶች ውስጥ ያለው የፊደል ማከማቻ ላቲንና ቻይንኛ ብቻ ስለሚይዝ «እማማ ደህና ገቡ» የሚል መልእክት ሲመጣ የሚታየው ባዶ ሣጥን በሣጥን ነው። ፊደሉ ያለው ሰዓትም ቢሆን ጽሑፉን ይቆርጠዋል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ 3 ባይት ይወስዳል፣ የድሮው የብሉቱዝ ፓኬት የሚሸከመው 20 ባይት ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጉዞ 6 ፊደል ብቻ ያልፋል። ለእንግሊዝኛ የተመጠነ ቋት በአማርኛ ሢሶውን ይዞ ይሞላል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ጉዳይ ነው። ዋናው የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ሳይሆን ስልካችን ላይ የምንጭንለት አፕ ነው። ሲጫን «ኖቲፊኬሽን አክሰስ» ይጠይቃል፣ ሰውም ሰዓቱ እንዲንቀጠቀጥለት ብሎ እሺ ይላል። ያ ፈቃድ አፑ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ማሳወቂያ በሙሉ፣ ከነይዘቱ እንዲያነብ የሚያደርግ ነው፤ የባንክ መልእክት ከነቀሪ ሒሳቡ፣ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ፣ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር። አፑ ኢንተርኔትም አለው። አንባቢና ላኪ በአንድ ላይ ማለት ነው።

ሚኒባስ ውስጥ የፊት ወንበሩን ብረት የያዘ እጅ አስቡ። እጅጌው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይበራል፤ ስም፣ የገባው ብር፣ የቀረው ብር። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሳይፈልግም ያነበዋል። ይህ በዓይን የሚታየው ነው፤ አፑ የሚያነበው ግን ለማንም አይታይም።

---

ጠጋኝ_ጀሞ | ሰኞ ማታ 2፡48

በሥራው በኩል ልጨምር። ስልክን መተካቱን የሚከለክለው ባትሪ ነው። 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዝ ስልክ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። 300 የሚይዝ ሰዓት በዚያው ስሌት 1.16 ነው። የመነጽሩ 1 ዋት-ሰዓት ወይም ከዚያ በታች፣ የቀለበት ደግሞ ከ15 እስከ 22 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብቻ። ከቆዳ ጋር የሚነካካ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ከ43 ዲግሪ በላይ መሞቅ አይችልም፤ ያቃጥላል። ስለዚህ ባትሪው ቢያድግ እንኳ ጠንካራ ቺፕ ገብቶበት እንደ ስልክ እንዲሠራ ሙቀቱ አይፈቅድም።

እኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ሰው በፓወር ባንክ ሰዓቱን ለመሙላት ይሞክርና «ተበላሽቷል» ብሎ ያመጣዋል። አልተበላሸም። ሰዓቱ የሚስበው ጅረት ትንሽ ነው፣ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ፓወር ባንኩ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ በራሱ ይጠፋል። መፍትሔው በሌላው ቀዳዳ ስልክም አብሮ መሰካት ነው፤ ወይም አነስተኛ ጅረት የሚባል ሞድ ያለው ፓወር ባንክ መግዛት፣ አብዛኛው ላይ ቁልፉን ሁለቴ በመጫን ይበራል። ፈጣን ቻርጀር ላይ አልሞላ ካለ ተራውን 5 ቮልት 1 አምፒር ተጠቀሙ።

ከኋላ ያሉት የቻርጅ ነጥቦች አረንጓዴ ካወጡ ላብ ነው። የላብ ጨውና በነጥቦቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ተጋግዘው ብረቱን ይበሉታል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል በጥጥ ነክሮ መጥረግ፣ ደርቆ ሳያልቅ አለመሰካት። ስክሪኑ ከፍ ካለ ግን ባትሪው አብጧልና አትጫኑት። ከተከፈተ በኋላ በቢ-7000 ሙጫ ተለጥፎ 24 ሰዓት ቢቆይም 5 ኤቲኤም የሚለው የውኃ መከላከያ አይመለስም፤ የፋብሪካው ጎማ አንዴ ተነቅሏል። ጠጋኝ «ውኃ አይገባውም» ካላችሁ አትመኑ።

ያገለገለ አፕል ሰዓት የምትገዙ ደግሞ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ከራሱ አይፎን ላይ ፈትቶ ይስጣችሁ። አክቲቬሽን ሎክ (ሰዓቱን ከባለቤቱ አካውንት ጋር የሚያስረው ቁልፍ) ካልተነሳ ማንም ጠጋኝ አይከፍተውም። ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም አይሠራም፤ ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

---

ራዲዮ_ቱሉዲምቱ | ሰኞ ማታ 3፡05

የጠጋኝን ስሌት ከኔትወርኩ ጋር ላያይዘው። ሲም የሚቀበል ሰዓት ከማማው በራቀ ቁጥር ጉልበቱን ይጨምራል። የኤልቲኢ (4ጂ) ዕቃ ጣሪያው 23 ዲቢኤም ነው፣ 200 ሚሊዋት ማለት። ያንን 200 በአየር ላይ ለማውጣት ማጉያው ብቻ ከባትሪው ከግማሽ ዋት በላይ ይበላል፤ የቀረው ሞደም ሲጨመር 1 ዋት ያልፋል። 1.16 ዋት-ሰዓት ላላት ባትሪ ይህ የአንድ ሰዓት ያህል ንግግር ነው። ከተማው መሐል ማማው ቅርብ ስለሆነ ይህ አይታወቅም። እዚህ ዳር ላይ፣ በተለይ ምድር ቤትና በኮንዶሚኒየሙ ውስጠኛ ክፍሎች፣ ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ውሎ ከሰዓት በኋላ ይሞታል።

የብሉቱዙም መቆራረጥ ምክንያት አለው። 2.4 ጊጋኸርዝ በውኃ ይዋጣል፣ ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ሰዓት በግራ እጅ፣ ስልክ በቀኝ የኋላ ኪስ ከሆነ ሞገዱ ገላን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ስልኩን በግራ የፊት ኪስ አድርጉት፣ መቆራረጡ ይቀንሳል።

---

ሰበታ_ምናሴ | ሰኞ ማታ 3፡31

ወንድሞቼ፣ ነገሩን በአንድ ጎን ብቻ አታስኬዱት። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው መነጽሩ ትልቅ ነገር ነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ቢ ማይ አይስ የተባለው የዓይነ ስውራን አፕ ካሜራ ካለው ሬይባን ሜታ መነጽር ጋር ይሠራል፤ ሁለት እጅ ነጻ ሆኖ፣ በትሩን እንደያዘ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው በካሜራው አይቶ ይመራዋል። መስማት ለተሳነው የሚንቀጠቀጥ ሰዓት ደወሉ ነው። የአፕል ሰዓት የልብ ኤሌክትሪክ ንባብም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርን ፈቃድ ያገኘ ነው። ስልክ አይተካም በሚለው እስማማለሁ። «ጣሉት» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

---

ኮዬ_ኮድ | ሰኞ ማታ 3፡40

ምናሴ፣ ጣሉት አላልኩም፤ ከስልክ ጋር እንደሚጨመር ዕቃ ከሆነ እኔም አልቃወምም። መነጽሩ በድምፅ የሚታዘዝ መሆኑ ግን አማርኛ ብቻ ለሚናገር ዓይነ ስውር ገና በሩን አልከፈተም። የአይፎኑ የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛ አይሰማም። ጉግል በድምፅ መጻፍን በአማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ እሱም ስልክ ላይ ነው የሚያገለግለው።

---

ሲስተር_ለገጣፎ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ስለ ጤናው ንባብ፣ ሰው በከንቱ እየተጨነቀበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የሰዓቱ አረንጓዴ መብራት 525 ናኖሜትር ገደማ ነው። በቆዳ ውስጥ ገብቶ ከደሙ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ይህን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ የሚመለሰው ምልክት ደካማ ነው፣ ሰዓቱ መብራቱን ያጠነክራል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ኦክስጅን የሚለካው በቀይና በኢንፍራሬድ ነው። ሆስፒታል ጣት ላይ የምናደርገው ብርሃኑን በጣት ውስጥ አሳልፎ ከወዲያ ማዶ ይቀበላል፤ ሰዓት ግን ከአጥንትና ከጅማት ላይ የነጠረውን ብቻ ነው የሚያነበው። የጣቱ እንኳ ፍጹም አይደለም። በ2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር።

በዚያ ላይ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ነው፣ ሱሉልታና እንጦጦ ከዚያም ይበልጣሉ። ሰዓቱ ግን 95ን የጤና ወለል አድርጎ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ 92፣ 93 ያየ ጤነኛ ሰው ደንግጦ አይሩጥ። ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት ካለ ደግሞ ሰዓቱ 97 ቢልም ሐኪም ቤት ይኬድ።

በትክክል ለመለካት፦ ከእጅ አንጓው አጥንት በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ማሰሪያው ሥር አንዲት ጣት በግድ እስክትገባ ማጥበቅ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጦ እጅን በልብ ትይዩ ማሳረፍ። የጠዋት ብርድ ላይ እጅ ቀዝቅዞ ከሆነ የደም ሥሩ ተኮማትሯልና ማሞቅ ይቀድማል። ንቅሳት ካለ ያንን ቦታ መተው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ስኳር ይለካል» ተብሎ የሚሸጥ ሰዓትና ቀለበት አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እንዲለካ የተፈቀደ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ አስጠንቅቋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚያ ቁጥር ተመርቶ መጠኑን ቢያስተካክል ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል። እባካችሁ ወላጆቻችሁን አስጠንቅቁ።

---

የበር_ጠባቂ2402 | ማክሰኞ ጠዋት 3፡02

ሲስተር፣ እናመሰግናለን። ስለ ብሉቱዙ አንድ ያልተነሳ አለ፤ የእጅ አምባሩ ከስልኩ ጋር ካልተያያዘ ያለማቋረጥ ስሙን ይጠራል። ሎ ኢነርጂ ብሉቱዝ በ3 ቻናሎች፣ በ2402፣ በ2426 እና በ2480 ሜጋኸርዝ፣ «እዚህ ነኝ» ይላል። ከጥሪው ጋር አድራሻ አለ። በደንብ የተሠራ ዕቃ አድራሻውን በየ15 ደቂቃው ገደማ ይቀያይራል፤ ብዙ ርካሽ አምባር ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አንድ አድራሻ ይዞ ይኖራል። ብሉቱዝ የምትሰማ አንዲት ትንሽ ኢኤስፒ32 ሰሌዳ የግቢ በር አጠገብ የደበቀ ሰው ያ አድራሻ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ቤት ማንም የሌለበትን ሰዓት ጭምር ይመዘግባል። ስም አያስፈልገውም።

የእናንተን ለመፈተን ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባለውን ነጻ አፕ በሌላ ስልክ ላይ ጫኑ። ሰዓቱ የተያያዘበትን ስልክ ብሉቱዝ አጥፉ፤ ብዙዎቹ ከተያያዙ ጥሪያቸውን ስለሚያቆሙ ሳያጠፉ መፈለግ «የለም» ያሰኛል። ስካን አድርጋችሁ ሰዓቱን ወደ ስልኩ አስጠጉ፣ የምልክት ቁጥሩ ወደ ዜሮ እየቀረበ የሚሄደው የእናንተ ነው። አድራሻውን ጻፉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዩት፣ በማግስቱም እዩት። ያው ከሆነ የማይቀየር ነው።

ከዚያ ኮኔክት የሚለውን ንኩ። ሃርት ሬት (የልብ ምት) የሚል አገልግሎት ከወጣና ምንም የማጣመሪያ ጥያቄ ሳይመጣ የልብ ምቱ መቁጠር ከጀመረ፣ 10 ሜትር ውስጥ ያለ ማንም ሰው የልብ ምታችሁን ማንበብ ይችላል ማለት ነው። በሴቲንጉ ውስጥ የልብ ምት ማሰራጫ የሚል ካለ አጥፉት። ከሌለ ግን ዕቃው የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ስትወጡ ከስልኩ ጋር እንደተያያዘ እንዲቆይ ከማድረግ ሌላ የሚደረግ ነገር ብዙ የለም።

የቦታ መረጃ ስም ባይኖረውም ይናገራል። ስትራቫ የተባለው የሯጮች አፕ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሯጮችን መንገድ ስም ሳይጠቅስ በዓለም ካርታ ላይ ሲያወጣ፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ሰዎች በረሃ መሐል ያሉ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ ከካርታው ላይ ለዩ።

---

እናት_አያት | ማክሰኞ ቀን 6፡15

የልጆች ጂፒኤስ ሰዓትስ? እንደ ስልክ ሲም ያለው፣ ትምህርት ቤት ለሚሄዱት የሚገዛው።

---

የበር_ጠባቂ2402 | ማክሰኞ ቀን 6፡50

እህቴ፣ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። ብዙዎቹ ርካሾች በ2ጂ ይሠራሉ፣ ሲሙ በኤስኤምኤስ ትእዛዝ ይቀበላል፣ የትእዛዙ የይለፍ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ 123456 ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ሰዓቱ በድብቅ እንዲደውልለት አድርጎ የክፍሉን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ጀርመን በኖቬምበር 2017 ማዳመጫ ያላቸውን የልጆች ሰዓቶች የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተገዛ ግን፣ ሲሙን ከማስገባትሽ በፊት ስልክ ላይ አድርገሽ የሲም ፒኑን አጥፊው፤ ሰዓቱ ቁጥር መጻፊያ ስለሌለው ፒን ካለ ኔትወርክ አይዝም፣ ሰውም ሰዓቱ ተበላሸ ይላል። ቀጥሎ የይለፍ ቁጥሩን ቀይሪ። ከዚያ አፑ ላይ የተፈቀዱ ደዋዮች የሚለውን ከፍተሽ የቤተሰብ ቁጥር ብቻ አስገቢ፣ ያልታወቀ ጥሪ እንዳይቀበል አድርጊ። የልጁን እውነተኛ ስምና ፎቶ አትጫኚ፤ አንድ ፊደል ይበቃል። ካርታው ላይ ኤልቢኤስ የሚል ካየሽ ሰዓቱ ሳተላይት አላገኘም፣ በማማ ነው የገመተው። እዚህ ዳር ማማዎቹ ስለሚራራቁ ልጁ ክፍል ተቀምጦ ካርታው ሌላ ሰፈር ሊያሳይ ይችላልና በዚያ አትደንግጪ።

---

ጠበቃ_ቡራዩ | ማክሰኞ ማታ 1፡35

የሕጉን ነገር ባጭሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር) ወጥቷል፤ የጤናና የባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው አድርጎ ይቆጥራል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የልብ ምታችሁ ግን ባሕር ማዶ ሰርቨር ላይ ካረፈ በኋላ መብቱን በተግባር ማስከበር ከባድ ነው።

ስለ መነጽሩ የሚያሳስበኝ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ነው። የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ለተደረገ ነገርና ለመሳሰሉት በሩን ይከፍታል። አስተውሉ፣ ክልከላው የሚያተኩረው ማሳየቱ ላይ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ተነሺው ፊቱን ማዞር ይችል ነበር።

---

ሰበታ_ምናሴ | ማክሰኞ ማታ 1፡52

መነጽሩ ሲቀርጽ ነጭ መብራት ያበራል እኮ፤ ቢሸፈን መቅረጽ እምቢ ይላል።

---

ኮዬ_ኮድ | ማክሰኞ ማታ 2፡20

ያበራል፤ ሽፋኑንም ያውቃል። ነገር ግን በ2025 መብራቱን ከውስጥ አውጥተው መነጽሩ መቅረጹን እንዲቀጥል አድርገው በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ተዘግቧል። ባይነካም እንኳ በጠራራ ፀሐይ ያቺን ነጥብ ማን ያስተውላታል? በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች የመነጽሩን ቪዲዮ ከፊት መፈለጊያ ድረ ገጽ ጋር አገናኝተው፣ መንገድ ላይ ያዩትን ሰው ስምና አድራሻ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያወጡ አሳይተዋል።

ጠበቃ ያሉት «ፊቱን ማዞር ይችል ነበር» የሚለው ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስልክ ቀና ያደረገ ሰው ካለ የእድሩ ዳኛ አይቶ ይገሥጸዋል፣ ያዘነችው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ላይ ታሞ የሚጠመቅ ሰው ልብሱን የሚያወልቀው በዙሪያው ካሜራ እንደሌለ ስለሚያይ ነው። መነጽር ግን ስለማይነሳ ማንም አይገሥጸውም፣ ማንም ፊቱን አያዞርም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊትና አይሪስ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) አይቀየሩም። ፋይዳ ላይ የሰጠነውም ይህንኑ ፊትና አይሪስ ነው፣ ለዚያ ሕግ አለው፤ ለመንገደኛው መነጽር ግን ምንም የሰጠነው ፈቃድ የለም።

ለእድርና ለማኅበር መሪዎች የምለው ቀላል ነው፤ «ስልክ አጥፉ» በሚለው ማስታወቂያ ላይ ካሜራ ያለው መነጽርንም ጨምሩ። ፍሬሙ ሁለት ጥግ ላይ ክብ ካያችሁ፣ አንደኛው ካሜራ ሌላው መብራቱ ነው፣ እንዲያወልቅ በክብር ጠይቁት። የዓይን ማስተካከያ ሌንስ ገብቶበት ከሆነ ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጥ ባለው ማጥፊያ ያጥፋው።

---

ጠጋኝ_ጀሞ | ማክሰኞ ማታ 2፡41

ኩባንያው ሲዘጋ መረጃው ወዴት ይሄዳል የሚለውም አለ። ሰዓት ሠሪው ፔብል እ.ኤ.አ. በ2016 ለሌላው ሰዓት ሠሪ ለፊትቢት ተሸጠ፣ ሰርቨሩ በ2018 ተዘጋ። ፊትቢትን ደግሞ ጉግል በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2021 ጠቀለለው። እሺ ያላችሁት ለአንዱ ነበር፣ መረጃው ግን ሦስተኛው ቤት ሊደርስ ይችላል።

---

ኮዬ_ኮድ | ማክሰኞ ማታ 3፡00

ለዚህ አንድ ጥሩ መውጫ አለ፤ ጋጅትብሪጅ። ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው መደብር የሚወርድ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የአንድሮይድ አፕ ነው። የኩባንያውን አፕ ተክቶ ከሰዓቱ ጋር ይነጋገራል፣ የኢንተርኔት ፈቃድ ግን የለውም። መረጃው ስልካችሁ ላይ ይቀራል፤ መላክ ቢፈልግ እንኳ መንገድ የለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚደግፋቸውን ዕቃዎች ዝርዝር እዩ፤ ስም የሌለው ሰዓት ሁሉ አይገባበትም። ብዙ የሻዎሚና የአሜዝፊት ዕቃዎች ደግሞ ቁልፍ ይጠይቃሉ፣ 16 ባይት፣ በጽሑፍ 32 ፊደልና ቁጥር የሆነ። ቁልፉ የሚፈጠረው ሰዓቱ መጀመሪያ ከኩባንያው አፕ ጋር ሲጣመር ነው። ስለዚህ በእነሱ አፕ አጣምሩ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ጋጅትብሪጅ ላይ አስገቡ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የኩባንያውን አፕ ሲያስወግድ መጀመሪያ ከውስጡ «አንፔር» (ማጣመሩን ፍታ) ይላል፣ ያኔ ሰዓቱ ራሱን ያጸዳና ቁልፉ ዋጋ ያጣል። አፑን ከስልኩ ሴቲንግ ብቻ አንሱት።

---

እናት_አያት | ማክሰኞ ማታ 3፡22

ለእኛ ቁልፍ ማውጣት ለሚከብደንስ? አሁን ያለውን አፕ ይዘን ምን እናድርግ? ሰዓቱ አፕ ላይ የኤስኤምኤስ ማሳወቂያን አጥፍቻለሁ፣ ያ አይበቃም?

---

ኮዬ_ኮድ | ማክሰኞ ማታ 3፡45

አይበቃም፣ እህቴ፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው በደንብ ላስረዳ። በሰዓቱ አፕ ውስጥ ያጠፋሽው «ሰዓቱ ላይ አታሳይ» የሚለውን ነው። አፑ መልእክቱን አሁንም ከስልኩ ይቀበላል፣ ያነባል፣ ከዚያ ለሰዓቱ አይልክም። መዝጋት ያለብሽ በስልኩ በራሱ በኩል ነው።

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ስፔሻል አፕ አክሰስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን አክሰስ። አንዳንድ አዲስ ስልክ ላይ «ዲቫይስ ኤንድ አፕ ኖቲፊኬሽንስ» ይለዋል፤ ካጣሽው በሴቲንግ መፈለጊያው ላይ ጻፊው። የሰዓቱን አፕ ንኪ። ስልክሽ አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይጠበቅብሽም፤ ታች «ሲ ኦል አፕስ» የሚል አለ። እሱን ከፍተሽ የኤስኤምኤስ አፑን፣ ቴሌብርን፣ የባንክ አፖችን፣ ቴሌግራምን አንድ በአንድ አጥፊ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ራሱ እነዚያን ለሰዓቱ አፕ አያሳልፍም። ከ12 በታች ከሆነ ይህ ምርጫ የለም፤ ያው ሙሉውን ዝጊው። የጥሪ መንቀጥቀጥ በአብዛኞቹ ላይ በስልክና በኮንታክት ፈቃድ ስለሚመጣ ይቀጥላል።

አንድሮይድ 15 የአንድ ጊዜ ኮድ ያለበትን ማሳወቂያ ለማያምናቸው አፖች በራሱ ይደብቃል። ቀሪ ሒሳብሽን ግን አይደብቅም፣ ስለዚህ እሱ ላይ ያለም ሰው ይህን ያድርግ። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ብሉቱዝ፣ ከሰዓቱ ስም ጎን ያለችውን ክብ ምልክት ነክተሽ «ሼር ሲስተም ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ማጥፋት ነው።

የቦታ ፈቃዱንም በዚያው ተመልከቺው። ከአንድሮይድ 12 በፊት ብሉቱዝ መፈለግ ራሱ የቦታ ፈቃድ ስለሚጠይቅ አፖቹ ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ከ12 ወዲህ «ኒርባይ ዲቫይስስ» የሚል የተለየ ፈቃድ አለ። እሱን ስጪና ቦታውን ከልክይው። አፑ ያለ ቦታ አልከፈትም ካለሽ «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለውን መርጠሽ «ፕሪሳይስ» (ትክክለኛ ቦታ) የሚለውን አጥፊ።

ስትጨርሺ ከሌላ ስልክ ኤስኤምኤስ ይላክልሽ። ስልኩ ጮኾ ሰዓቱ ዝም ካለ ተዘግቷል። ሰዓቱ ከተንቀጠቀጠ ኤስኤምኤስ የምትቀበይበት አፕ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ስልክ ላይ የፋብሪካውም የጉግልም የመልእክት አፕ ጎን ለጎን ስላለ ሁለቱንም አጥፊ።

---

እናት_አያት | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሁለቱም ነበሩ። አሁን ዝም ብሏል።